የብር ብናኝና ግትር እርሾ

ጥቅምት 5 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ፊትሽ የፈካ፣ ጓዳሽም ያልጎደለ ሆኖ ታግኝሽ። እኛ አለን። ወገቤ የቀድሞ አመሉን አልተወም፤ እትዬሽም ሥራ በዝቶባታል እንጂ ደህና ናት።

በስልክ ያላወራሁሽ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ጆሮዬ ከከበደ ወዲህ ስልክ ስይዝ እጮሃለሁ፤ ካንቺ ጋር ሳወራ መልስ የሚሰጠኝ የማዶው ጎረቤት ነው። ስለዚህ የብቻችን የሆነው ነገር በወረቀት ይሁን። ስትመልሺም በሱቁ አድራሻ ላኪው እንጂ ወደ ቤት አትላኪው። እኔ ባልኖር ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ይቀበልልኛል። ለምን አትበይኝ፤ ሽማግሌ ሰው አመሉ ብዙ ነው ብለሽ እለፊው።

ሱቁ እንደነበረ ነው። መስኮቷ ሥር ያለችው የሥራ ጠረጴዛ፣ ጭኔ ላይ የማነጥፋት ቆዳ፣ ሁሉም አለ። ትዝ ይልሻል? ከትምህርት ቤት ስትለቀቂ እየመጣሽ ቆዳው ላይ የረገፈውን የብር ብናኝ በላባ ትሰበስቢልኝ ነበር። አንዲት ቅንጣት ካመለጠችሽ መሬት ተንበርክከሽ ካላገኘሁ ትያለሽ፤ ጉንዳን ያልኩሽ ያኔ ነው። አሁን ብር የሚያሠራ ሰው ቀንሷል። ቀለበት ማስፋት፣ የተሰበረ ጉትቻ መበየድ፣ ይኸው ነው የኔ ነገር። እትዬሽ ግን ከስፌት መኪናዋ አትነሳም። ስንተኛም ደክሟት ነው መሰለኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትተኛው። ወይም አንኮራፋለሁ። ካንኮራፋሁ አልፈርድባትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ለእረፍት መጥተሽ ስለ ሥራሽ ስትነግሪን፣ ብርን ዓይን የማያየው ድረስ አድቅቀን ፈንገስ እንገድልበታለን ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ ስቄብሻለሁ። አሁን ግን ከልቤ ልጠይቅሽ። አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረገ ነው፣ ከላይም ከታችም። ላንቃው ቀልቶ ያቃጥለዋል፣ የከንፈሩ ጠርዝ ይሰነጠቃል። ሎሚ ነፍሱ የነበረ ሰው ዛሬ ሎሚ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሐኪም የአፍ ፈንገስ ነው ብሎ ጠብታ ሰጠው፤ ተሻለው፤ ተመልሶ መጣ። ደግሞ ሰጠው፤ ደግሞ መጣ። ያንቺ ብር ለሱ አንድ ነገር ያደርግለት ይሆን?

እትዬሽ ከልብ ሰላም ብላሻለች፤ ይህን መጻፌን ግን አታውቅም።

አጎትሽ አንጥረኛው

ጥቅምት 28 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

እጅዎ ከሥራ፣ ዓይንዎ ከብርሃን፣ ቤትዎ ከሳቅ አይለይ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ቢያንገበግበኝም የምውልበት ክፍል መስኮት ስለሌለው ውጭ በጋ ይሁን ክረምት አላውቀውም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ዘልዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። እርስዎ ስለ እርሾ ሊጠይቁኝ! ያኔ «ብር የሚያህል ነገር ለሻጋታ?» ብለው ሲስቁ ሻይ ትንታ ሆኖብዎት ነበር፣ እኔ አልረሳሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወዳጅዎን አፍ የሚያቃጥለው እርሾ ነው፤ ካንዲዳ ይሉታል። በብዙ ሰው አፍ ውስጥ አለ፣ አርፎ ሲቀመጥ ማንንም አይነካም። ሰው ሠራሽ ጥርስ የተሠራበትን ሮዝ ፕላስቲክ ሲያገኝ ግን ይጣበቅበታል። አንዱ ሌላውን እየጠራ ይሰበሰባሉ፣ የሚያጣብቅ ንፍጥ ነገር ያመነጩና በላያቸው ይሸፍኑታል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ከላይ ከላይ ያሉትን ይገድላል፣ ከሥር ያሉት ደግሞ ቤታቸውን መልሰው ይጠግናሉ። ተመልሶ መጣ ያሉኝ ለዚህ ነው።

የኔ ሥራ ያንን ሮዝ ፕላስቲክ በጥፍር ልክ ቆርጬ፣ እርሾ አስፍሬበት፣ ብር ማፍሰስ ነው። ብሩን ቢያዩት ብር ነው አይሉም። ከመጠን በላይ ሲደቅ ንጣቱ ይጠፋና ውሃው ቀጭን ሻይ ይመስላል። ለየብቻቸው የሚዋኙትን እርሾዎች ድራሻቸውን ያጠፋቸዋል። ተሰብስበው ሽፋን የሠሩትን ግን ገና እየሞከርኩ ነው። የምታሠራኝ ፕሮፌሰር ብዙ ተስፋ ጥላበታለች፤ እኔም ከሷ አላንስም።

እስከዚያ ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ወዳጅዎ ሲተኛ ጥርሱን ያወልቃል? መልሱን ሳልሰማ ምንም ብል ከንቱ ነው።

እትዬን ሳሙልኝ። የሰፉልኝ ካፖርት እዚህ ሁሉ ሰው ከየት ገዛሽው ይለኛል።

ጉንዳንዎ

ኅዳር 14 ቀን

ለጉንዳኔ፤

እድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ክፉ ሰው አይይሽ፣ ብርዱም ይራራልሽ።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ በሬን ዘግቼ ሁለቴ አነበብኩት። ሰዓት ሠሪው በመስታወቱ እያየኝ «ሽማግሌው የፍቅር ደብዳቤ ደረሰው» ብሎ ለሰፈሩ አውርቷል።

ከዚህ ጋር በቀጭን ወረቀት የታጠፈ ነገር ታገኛለሽ። የብር ብናኝ ነው። በጥሩው ሞረድ ሞርጄ በሐር ጨርቅ ነፋሁት። እስትንፋስ ይበትነዋል፣ ስትከፍቺው እንዳታስነጥሽ። ከዚህ በላይ የደቀቀ ብር ካለ ዓይቼ ልመን። ለሥራሽ ይሁንሽ።

ስለ ወዳጄ ለጠየቅሽኝ፣ አያወልቅም። ነገሩ ከባድ ነው፣ ጉንዳኔ። የትዳር ጓደኛው ጥርሱ ሰው ሠራሽ መሆኑን አታውቅም፤ እሱ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ውሃ ቤት ቆልፎ ገብቶ ለቅለቅ አድርጎ መልሶ ይለብሰዋል፤ ከዚያ ውጪ ቀንም ሌትም አፉ ውስጥ ነው። እንዴት ብሎ ያወልቀው? አብሮት የሚተኛ ሰው አለ እኮ! ሳያወልቅ የሚሆን መላ ካለሽ እሱን ንገሪኝ።

እቤት ሰሞኑን የምንበላው ሾርባና ሾርባ ውስጥ የራሰ ዳቦ ነው። ፈሊጡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጠጣር ነገር አልስማማ አለኝ ብያለሁ። እትዬሽም ቅር አላላትም። ቀሚሶቿን በጎን በጎን እየያዘች ስታሳንስ ነው የምትውለው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለተወደዱት ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ፣ ወገብዎም ይታዘዝልዎ።

ብናኝዎ ደረሰኝ። አላስነጠስኩም። ሳይበተን በጥንቃቄ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀምጬ ባየው... ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ቋጥኝ ነው! ተራራ ነው! እኔ የምሠራበት ብር ከርስዎ አንዲት ብናኝ ጎን ቢቀመጥ አይታይም። ለነገሩ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ለክብርዎ ብዬ እርሾ አፈሰስኩበት። ጠዋት መጥቼ ሳየው እርሾዎቹ በብርዎ ላይ ተመችቷቸው ሰፍረውበታል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «አጎትሽ ለጠላት ቪላ ሠሩለት» አለችኝ። የተረፈውን ብናኝ በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ሥራ ሲያስጠላኝ አየዋለሁ።

አሁን አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ወዳጅዎ አንጥረኛ ነው? ሰሞኑን ሾርባ የለመደ? ደብዳቤ ወደ ሱቅ እንጂ ወደ ቤት እንዳይላክበት የሚፈልግ? ሚስቱስ ልብስ ሰፊ ናት?

ጋሼ፣ ከኔ ምን ይደብቃሉ? ጥርስ እኮ ነው። ነውር የለበትም። እትዬ ቢያውቁስ ምን ይላሉ? እርስዎ ጸጉርዎ ሲሸሽ አልሸሹዎትም። ይንገሯቸው። ሲተኙ አውልቀው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያኑሩት፤ ድድዎ አየር ያግኝ። ከዚህ የተሻለ መላ እኔም፣ ፕሮፌሰሯም የለንም።

ጉንዳንዎ

ታኅሣሥ 22 ቀን

ለጉንዳኔ፤

ጤናሽን አብዝቼ እመኛለሁ።

ብልጥ ነሽ። ወዳጅህ አንተ ነህ ካልሽኝ እኔ ነኝ፤ አልከራከርሽም። ስለ ብናኜ ያልሽው ግን ልቤ ውስጥ ገብቷል። አንድ ቀን ያንን ማይክሮስኮፕ አምጪና የሰውን ድካም ቋጥኝ ማለት እንዴት እንደሆነ አሳይሻለሁ።

ለእትዬሽ ንገር ያልሽኝን አልችልም። ለምን እንደማልችል ልጽፍልሽም አልችልም። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ከዚያ ቀጭን ሻይ ከሚመስለው ውሃሽ ትንሽ ብልቃጥ ላኪልኝ። ማንም ሳያይ አፍ መጉመጥመጫው ላይ ጠብ አደርግበታለሁ። ቢበዛ ምን ይመጣል? ብር ነው፤ ዕድሜ ልኬን ስተነፍሰው የኖርኩት ብር።

ጠብታው ለሦስተኛ ጊዜ አልቋል። መብላት ቀርቷል ማለት ይቻላል። ሰውነት ከስቶ ልብስ ሁሉ ወለቅ ወለቅ ይላል። ጉንዳኔ፣ ፈርቻለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ለሰው ጽፌ አላውቅም።

አጎትሽ

ጥር 12 ቀን

ለምወድዎት ጋሼ፤

እግዜር ከጎንዎ ይቁም። ፈርቻለሁ የሚለውን ቃል ካነበብኩ ወዲህ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ብልቃጡን አልልክልዎትም። ይቆጡኝ፣ ያኩርፉኝ፣ አልልክልዎትም። እዚህ ያለው ብር ለፕላስቲክ ቁራጭ ነው የተሠራው፤ የሰው አፍ አላየውም። ደግሞም ያላልኩዎት ነገር አለ። ሙከራው እንዳሰብነው አልሆነም። ሽፋን ሠርቶ የሰነበተ እርሾ ላይ ብሩን ሳፈስበት ላይ ላዩን ይገድልና ይቆማል። ከሥር ያሉት ይተርፋሉ። እነሱን እስኪደርስ ብሩን ስጨምር ደግሞ ለመፈተሻ የማሳድጋቸው የድድ ህዋሶች አብረው ያልቃሉ። ለፕሮፌሰሯ ውጤቱን ሳሳያት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችው። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለሥራው አይደለም ጋሼ፣ ለርስዎ ነው። አንድ ነገር ይዤልዎ የምመጣ መስሎኝ ነበር።

የሚሠራውን ግን አውቄያለሁ፤ የሚያኮራ ነገር አይደለም። ብሩሽ ነው! ሽፋኑ በብሩሽ ተፈግፍጎ ከተነሳ የተረፈውን ትንሽ መድኃኒት ይበቃዋል። ካልተነሳ ግን ጠብታውን በባልዲ ቢጠጡት አይረዳዎትም። ስለዚህ ጥቅል ልኬልዎታለሁ። ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን ብሩሽ አለው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ማጽጃ ክኒን አለው፣ ማደሪያ ሳጥንም አለው። ከሌላ ሰው እንዳይደባለቅ ክዳኑ ላይ «ጋሼ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሱቁ ድረስ ይመጣልዎታል።

ከዚያ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄደው ያሳዩ። እምቢ ካሉኝ ለእትዬ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። እውነቴን ነው።

ጉንዳንዎ

የካቲት 10 ቀን

ጋሼ፤

ለምን ዝም አሉኝ? ጥቅሉ አልደረሰም? ወይስ ብልቃጡን ስለከለከልኩዎት ነው? ቤት ብደውል እትዬ ናቸው ያነሱት። «ደህና ነው፣ ወገቡ ነው» ብለውኝ ቶሎ ዘጉት። ድምፃቸው እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። እባክዎ፣ ሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ። ደህና ነኝ ብቻ ይበሉኝ።

ጉንዳንዎ

የካቲት 16 ቀን

ለጉንዳኔ፤

የፈጣሪ ጥበቃ ካንቺ አይለይ፤ እኔን ሰሞኑን ሳይረሳኝ አልቀረም።

ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። ጉንዳኔ፣ የኔ ጥርስ የራሴ ነው። ሁለት መንጋጋ ጎድሎት ይሆናል እንጂ የቀረው በልጅነቴ የበቀለው ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላት እትዬሽ ናት።

አንቺ ትንሽ ልጅ ሳለሽ ነው። ድሮ ስትስቅ በእጇ አፏን ትሸፍን ነበር። አንድ ጊዜ እህቷ ጋ ልትከርም ሄደች፤ ከርማ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ እጇን ሳታነሳ ሳቀችልኝ። ጥርሷ ነጭ ነው፣ ወጥ ነው፣ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የእጅ ሥራ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተሠራው ከበቀለው አይምታታብኝም። «የእህቴ አገር ውሃ ተስማማኝ» አለች። «ያስታውቃል» አልኳት። ስለዚህ ነገር የተነጋገርነው ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክር በጥርሷ መበጠስ ትታ በመቀስ ሆነ። ውሃ ቤት ስትገባ ትቆልፋለች። ስትተኛ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። እኔም እንዳላየ ሆንኩ። በሩ ላይ የሳቀችውን ሳቅ እንዴት አድርጌ ልንካባት? ሲያማት ግን አየሁ። የጠብታውን ጠርሙስ ከስፌት ሣጥኗ ሥር አገኘሁት፤ ፋርማሲ ሄጄ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሾርባውን ያመጣሁት እሷ ሾርባ መጠየቅ አፍራ በረሃብ እንዳታልቅ ነው። አንቺ ወዳጅህ አንተ ነህ ስትዪኝ ደግሞ ምስጢሯ በኔ ስም ተሸፍኖ ይቅር አልኩ።

አሁን ጥቅልሽን ልንገርሽ። ወገቤ ይዞኝ አልጋ ላይ ወድቄ ሳለሁ ሰዓት ሠሪው፣ ይመስገን ይረገም እስካሁን አልወሰንኩም፣ ሱቅ ተዘግቷል ብሎ ቤት ድረስ ተሸክሞት መጣ። እትዬሽ ጉንዳን የላከችው ነው ብላ ደስ ብሏት ተቀበለችው። ካልጋዬ ሆኜ የመቀሷን ድምፅ እሰማለሁ። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ገባች። ሳጥኑን ባንድ እጇ፣ ብሩሹን በሌላው ይዛለች። ክዳኑ ላይ «ጋሼ» የሚለው የእጅ ጽሑፍሽ አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ግንባሬን ዳበሰችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እኔን ነው የምታፍረው? ለዚህ ነው ለካ ሾርባ ሾርባ ስትል የከረምከው!»

ልናገር አፌን ስከፍት «ዝም በል» አለችኝ። «ዝም በል፤ ስታየኝ ደግሞ እንዳትደነግጥ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እጇን አፏ ውስጥ አስገባች። ስትዞር ጥርሶቿ መሐረቧ ላይ ናቸው። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጉንዳኔ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የዚያን ሰዓት እንደወደድኳት ወድጃት አላውቅም።

«እኔም እንዳንተው ነኝ» አለችኝ። «አይዞህ። በል፣ አሁን ተራህ ነው።» ሳጥንሽን ከፍታ አገጬ ሥር ያዘችልኝ።

ምን ላድርግ? ጥርሴን አውልቄ ልስጣት ብል አይወጣ! «የኔ አይወልቅም» አልኳት። «ወይኔ፣ ተጣብቆበት!» አለችና ደንግጣ በሁለት ጣቷ የፊቱን ይዛ ነቀነቀችው። የልብስ ሰፊ ጣት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጮህኩ። የማዶው ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ተጣራ።

እጇን አወጣች። ጥርሴን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ ዓይኔን አየች።

«የራስህ ነው።»

«የራሴ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሳጥን ለማን ነው የመጣው?»

ዓይኔን ከሳጥኑ ወደ መሐረቧ መለስኩ።

«ታውቅ ነበር» አለች።

«በሩ ላይ ካየሁሽ ጀምሮ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለማን ብዬ ነው የተቃጠልኩት?» አለችኝ። ጥርሷን መልሳ አደረገችው፤ ስታደርገው እንዴት እንዳመማት ፊቷ ላይ አየሁ። ወጥታ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወገቤን ታሽልኛለች፣ ሾርባዬን ታቀርብልኛለች፣ ቃል ግን የለም። ሳጥንሽ ቁም ሣጥኑ ላይ ተሰቅሏል። ጥርሱንም አሁንም አታወልቅም። ድሮ በምስጢር ነበር፤ አሁን በእልህ ሆነ። ምን እንደምላት አላውቅም። ኩርፊያ የሚያስለቅቅ ነገር ላቦራቶሪሽ ውስጥ ካለ እሱን ላኪልኝ።

አጎትሽ

መጋቢት 7 ቀን

ለምወድዎት ጋሼ፤

የቤትዎን ሰላም ፈጥኖ ይመልስልዎ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። «በል ተራህ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ «ለማን ብዬ ነው የተቃጠልኩት» የሚለው ጋ ስደርስ ደግሞ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

የኩርፊያ መድኃኒት የለንም። እርስዎ ግን ለኔ የጻፉትን ለእሳቸው ብለውት ያውቃሉ? ጥርሳቸው ወልቆ ሲያዩዋቸው ምን እንደተሰማዎ ለኔ ነግረውኛል፤ እኔ ምን ያደርግልኛል? እሱን ይንገሯቸው። ጮክ ብለው ይንገሯቸው፤ የማዶው ጎረቤትም ይስማ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ሙከራውን ገለበጥኩት። እርሾው ከሰፈረ በኋላ ብር ማፍሰሱን ትቼ፣ ፕላስቲኩን አስቀድሜ ብር ቀባሁትና እርሾውን በኋላ አመጣሁት። መጣበቂያ አጡ ጋሼ! ጥቂቶቹ ናቸው የሰፈሩት፤ እነሱንም ትንሽ ብሩሽ ይጠርጋቸዋል። ፕሮፌሰሯ ሁለቴ አስደገመችኝ፤ ሁለቴም ያው ነው። ለሰው አፍ እስኪደርስ ገና ዓመታት አለው፤ ለእትዬ አይደርስም። ለሌላ እትዬ ግን ይደርስ ይሆናል።

ከዚህ በታች ያለውን ለእትዬ ያንብቡላቸው። እትዬ፣ ይህን የሚያህል ሥቃይ ለብቻዎ ይዘው መክረምዎ አስቆጥቶኛል፤ ሳገኝዎት እንጣላለን። ሐኪሙ ጥርሱንም አብሮ ይየው። ያ ፕላስቲክ አርጅቶ ተጫጭሯል፤ እርሾ ጭረት ይወዳል፤ ድድም በጊዜ ብዛት ይለወጣል። አዲስ ያሠሩ። እስከዚያ በብሩሹ ይፈግፍጉት፣ ሲተኙ ያውልቁት፣ ጠብታውንም እስኪጨርሱት አያቋርጡት። ሳጥኑ ላይ «ጋሼ» የሚለውን ፍቀው የራስዎን ይጻፉበት።

ጉንዳናችሁ

ግንቦት 2 ቀን

ይድረስ ለጉንዳኔ፤

እጅሽ ይባረክ፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ፣ ፕሮፌሰርሽም መነጽሯን ለደስታ እንጂ ለሐዘን አታውልቀው። ቶሎ ያልጻፍኩት መጻፍ የሚገባው ነገር እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ስፌቷን ሳታቋርጥ ሰማችው። የመከርሽኝንም በማግስቱ ልነግራት ሞከርኩ፤ አንደበቴ ተሳሰረ። ለወረቀት የሚወጣ ቃል ለፊት አልወጣ አለኝ። እኔ በአፌ ሰው አይደለሁም፤ ሰው የሆንኩት በእጄ ነው። ስለዚህ ሱቅ ገባሁ።

ላንቺ ከላክሁት የተረፈውን ብናኝ፣ ያንን ቋጥኝ ያልሽውን፣ አቀለጥኩት። የቆየ ቁርጥራጭ ብር ጨመርኩበት። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሁለቴ ተበላሸብኝ፣ ሁለቴ አቀለጥኩት። ክዳን ያለው ሳጥን ሠራሁ፣ ሁለት ረድፍ ጥርስ የሚይዝ። ክዳኑ ላይ አንዲት ጉንዳን ቀረጽኩበት፤ ያንቺ ድርሻ ናት። ወስጄ ስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጥኩት። ወደ ሱቅ ተመለስኩ።

በማግስቱ ብከፍተው ስፒልና ቁልፍ ሞልታበታለች። ስፒል! ሦስት ሳምንት የፈጀሁበትን! ሰዓት ሠሪው ስነግረው ወንበሩን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በእውነት ተናደድኩ። ቤት ገብቼ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ የስፒል ማስቀመጫ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ለምንድን ነው ታዲያ?» አለች። ያኔ የታሰረው ሁሉ ተፈታ። በሩ ላይ ስለሳቀችው ሳቅ፣ ስለ ሾርባው፣ ሰውነቷ በሳሳ ቁጥር ልቤ እንዴት እንደሚሳሳ፣ መስኮቱ ጋ ጥርሷን አውልቃ ስትዞር ምን እንደሆንኩ፣ ሁሉንም ጮኼ ነገርኳት። ጆሮዬ ስለማይሰማ ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም። ስጨርስ የማዶው ጎረቤት አጨበጨበ።

እትዬሽ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች፤ አፏን ሳትሸፍን። ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ቆርቆሮዋ መለሰቻቸው።

ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን። እንዳልሽው አደረገች። መጀመሪያ እሳቱ በረደ፣ ከዚያ ቅላቱ ለቀቀ፣ የከንፈሯ ስንጥቅም ገጠመ። አዲሱ ጥርስ እየተሠራ ነው፤ ልኳን የወሰደው ሰውዬ እጁ ጥሩ ነው፣ ቆሜ አይቼዋለሁ። ቀሚሶቿን አሁን መልሳ ትፈታለች። ባለፈው እሑድ ሎሚ ቆርጣ በጨው ስትመጠምጥ ባያት ሳልወድ ምራቄን ዋጥኩ። ለኔም ቆረጠችልኝ። ሾርባውን ግን አልተውንም፤ ለካ ሁለታችንም ወደነዋል።

ብሬ ምንም እንደማያድን አውቃለሁ፤ ቪላ ነው። እሷ ግን ጥርሶቿን ሳጥኑ ውስጥ ከማስተኛቷ በፊት ሁልጊዜ በብሩሽሽ ትፈገፍጋቸዋለች፤ የሰነፈች ቀን እኔ እፈገፍግላታለሁ። ከብር ሥራ የከበደ ነገር የለውም፤ ጥግ ጥጉን አለመርሳት ነው።

ትናንት ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ግድግዳው ባዶውን ቆሟል። ወደ እኔ ዞራ ተኝታለች። አፏ እንደ ሕፃን ተከፍቶ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ያለ ሐሳብ ታንኮራፋለች። ለደንቆሮ የሚሰማ ማንኮራፋት ነው፤ እኔ እንኳ ሰማሁት። ለካ ያን ሁሉ ዘመን የምታንኮራፋው እሷ ኖራለች። አልቀሰቀስኳትም።

አጎትሽ